ስቲከሩን ሳይሆን ዕቃውን እንይ



ባለፈው ሴሚስተር ፈተና እንዳለቀ አንድ የኮልፌ ወንድማችን አዲስ የገዛውን ኮምፒውተር እንድናይለት አየር ጤና ወደሚገኘው ቤታቸው ጠራን። ከመግሪብ በኋላ አራት ሆነን ሄድን። ሻይ ቀረበ፣ ማሽኑ ተከፈተ፣ የእግር ኳስ ጌም ተጀመረ። ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ ስክሪኑ ደርቆ ቀረ። እንደገና ተከፈተ፤ እንደገና ደረቀ። ከመካከላችን አንዱ ጂፒዩ-ዚ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ከፍላሹ ጭኖ አየው። "ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ፣ 4 ጊጋ" ተብሎ የተሸጠለት የግራፊክስ ካርድ ስሙ ላይ "ፌክ" የሚል ቃል ተለጥፎበት ወጣ። ውስጡ ያለው እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው የጂቲኤክስ 550 ቲአይ ቺፕ ነው። አንድ ሰው የካርዱን ባዮስ ለውጦ ዊንዶውስ በሌላ ስም እንዲጠራው አድርጎታል። ስሙ ተለወጠ እንጂ ጉልበቱ አልተለወጠም። 4 ጊጋ የተባለው ሜሞሪም እውነቱ 1 ጊጋ ነበር፤ ጌሙ ከዚያ በላይ ሲጠይቅ ማሽኑ ይደርቃል።

ወንድማችን በማግስቱ ወደ ሱቁ ተመለሰ። ግድግዳው ላይ ሁላችንም የምናውቀው ጽሑፍ ጠበቀው፦ "የተሸጠ ዕቃ አይመለስም"።

የከበደው ግን ሌላው ነገር ነው። ገንዘቡን የሰጡት እናቱ ናቸው፤ መርካቶ ነግደው የጣሉት ዕቁብ ሲደርሳቸው። ሲጠይቃቸው "ለትምህርት ነው" ብሏቸዋል። ስለዚህ ሲታለል እንኳ "እማ፣ ተታለልኩ" ለማለት አፍ አጣ። የተበላሸው የጌም ካርድ ነው ለማለት መጀመሪያ ጌም እንደሚጫወት መናገር ነበረበት።

ይህን የምንጽፈው በእሱ ልንፈርድ አይደለም። ከእኛ ብዙዎቻችን ከቤት ገንዘብ ስንጠይቅ ያልነው እሱ ያለውን ነው። የምንለው አጭር ነው፦ ጌም የምንጫወት ከሆነ በግልጽ እንናገር፤ በግልጽ ስንናገር ተማክረን እንገዛለን፤ ተማክረን ስንገዛ በጥቂት ገንዘብ የሚሠራ ማሽን ይኖረናል። ድብቅነቱ ከካርዱም በላይ እያስከፈለን ነው።

የነጋዴ ልጆች ሆነን

እኛ የኮልፌ ልጆች ዕቃ ማየት ከማን አንሰን ነው? አጠና ተራ የሄደ ሰው አጠናውን አንስቶ፣ አዙሮ፣ ቀጥ ማለቱን በአንድ ዓይኑ ሳያይ ገንዘብ አያወጣም። እናቶቻችን ቅቤ ሲገዙ ይቀምሳሉ፤ በርበሬ ሲገዙ ሰብረው ያሸታሉ። አባቶቻችን ከአንድ ጣቃ ጨርቅ ጫፉን ሳይስቡ ዋጋ አይጠሩም። ወደ ኮምፒውተር ሱቅ ስንገባ ግን ይህ ሁሉ ይጠፋብናል። ሻጩ "ኮር አይ ሰባት ነው፣ ጌሚንግ ነው" ሲለን አላዋቂ እንዳንመስል ራሳችንን ነቅንቀን እንከፍላለን።

ይህ ዓይነቱ ስህተት ዛሬ ከድሮው ይበልጥ ያስከፍላል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ከመለቀቁ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ኮምፒውተርም ሆነ ክፍሎቹ በዶላር ተገዝተው የሚገቡ ናቸውና ያን ጊዜ ያልገዛ ሁሉ ልዩነቱን በኪሱ አይቶታል። ዋጋ እዚህ የማንጽፈውም ለዚህ ነው፤ መጽሔቷ ታትማ እስክትደርሳችሁ ይለወጣል። የማይለወጠውን እንጻፍ።

ስሙን ሳይሆን ትውልዱን

ላፕቶፕ ላይ የሚለጠፈው "አይ 5" ወይም "አይ 7" የሚል ስቲከር ብቻውን ምንም አይነግረንም። አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ኮር አይ 7-7500ዩ ሁለት ኮር ብቻ ነው ያለው። ከእሱ ቀጥሎ በመጣው ትውልድ ያለው ኮር አይ 5-8250ዩ አራት ኮር አለው። ሁለቱ ጎን ለጎን ቢቀመጡ ስቲከር የሚያይ ሰው "አይ 7"ን በላቀ ዋጋ ይገዛል፤ ቁጥሩን የሚያነብ ሰው "አይ 5"ን ባነሰ ዋጋ ገዝቶ የተሻለ ማሽን ይዞ ይወጣል። ከሰረዙ ቀጥሎ ያለው ቁጥር መጀመሪያው ጀነሬሽኑን ይነግራል። መጨረሻ ላይ ያለው ፊደልም ትርጉም አለው፦ "ዩ" ባትሪ ለመቆጠብ የተሠራ ነው፤ "ኤች" የበለጠ ኤሌክትሪክ የሚበላ፣ የበለጠ ጉልበት ያለው ነው።

ሁለተኛም ምክንያት አለ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል በኩል፣ ከጥቂቶች በቀር፣ ከ8ኛ ጀነሬሽን በታች ያለውን አይቀበልም። በየሀገሩ ያሉ መሥሪያ ቤቶች አሮጌ ማሽኖቻቸውን ሲያወጡ ከእነዚያ የተወሰኑት ዞረው የእኛ ገበያ ይደርሳሉ። ስለዚህ ያገለገለ ላፕቶፕ የሚገዛ ሰው መነሻው 8ኛ ጀነሬሽን ይሁን እንላለን። ከዚያ በታች ያለውን ቀድሞ የገዛ አይጨነቅ፤ ሊኑክስ ተጭኖበት ለብዙ ዓመት ማገልገል ይችላል። በስቲም ውስጥ ያለው ፕሮቶን የሚባለው ሥርዓትም እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ ብዙ የዊንዶውስ ጌሞችን ሊኑክስ ላይ ያስኬዳል።

ላፕቶፕ ወይስ ዴስክቶፕ?

ዶርም ለሚኖር ተማሪ ላፕቶፕ ግድ ሊሆን ይችላል። ግን አንድ ነገር አውቀን እንግዛ፦ የአብዛኛው ላፕቶፕ የግራፊክስ ካርድ ከቦርዱ ጋር የተበየደ ነው። ዛሬ የገዛችሁት ካርድ እስከ መጨረሻው አብሯችሁ ይኖራል። "በኋላ እቀይረዋለሁ" የሚባል ነገር የለም።

ቤቱ ኮልፌ፣ ዓለም ባንክ ወይም ቤቴል ለሆነና በሳምንቱ መጨረሻ ወደ ቤት ለሚመለስ ተማሪ ግን የተሻለው መንገድ ሌላ ይመስለናል። ዴል ኦፕቲፕሌክስ፣ ኤችፒ ኤሊትዴስክ፣ ሌኖቮ ቲንክሴንተር የሚባሉት የቢሮ ዴስክቶፖች ለዓመታት ሳይጠፉ እንዲሠሩ ተደርገው የተሠሩ ናቸው። መብራት የላቸውም፣ መስታወት የላቸውም፣ ለእንግዳ አይታዩም። ውስጣቸው ግን የሚከፈት፣ የሚጨመርበት፣ የሚቀየር ነው። ተማሪ የሚያስፈልገው ደግሞ በአንድ ቀን ሁሉን የሚያስከፍለው ሳይሆን ዛሬ ትንሽ፣ በሚቀጥለው ሴሚስተር ትንሽ የሚጨመርበት ማሽን ነው።

ሦስት ነገር ግን ልብ በሉ። አንደኛ፣ ከእነዚህ ውስጥ ቀጫጭኖቹ የሚቀበሉት አጭር ካርድ ብቻ ነው፤ ቢቻል ሰፊውን፣ ታወር የሚባለውን ምረጡ። ሁለተኛ፣ ፓወር ሳፕላያቸው ትንሽ ነው፤ መሰኪያውም ብዙ ጊዜ የድርጅቱ ብቻ ስለሆነ ከሱቅ ገዝቶ መለወጥ ያስቸግራል። ስለዚህ ከቦርዱ መሰኪያ በሚያገኘው 75 ዋት ብቻ የሚሠራ ካርድ ፈልጉ። እውነተኛው ጂቲኤክስ 1050 ቲአይና ጂቲኤክስ 1650 በዚህ ልክ የተሠሩ ናቸው፤ አንዳንድ ሞዴሎቻቸው ግን ተጨማሪ ገመድ ስለሚጠይቁ ገልብጣችሁ እዩ። ሦስተኛ፣ ከጀርባ ቀይ መቀየሪያ ያለው ፓወር ሳፕላይ ካያችሁ 115 ላይ ሳይሆን 230 ላይ መሆኑን ሳታረጋግጡ አትሰኩ። የእኛ መብራት 220 ቮልት ነው፤ 115 ላይ ተትቶ የተሰካ ማሽን በአንድ ድምፅ ያበቃለታል።

ቅደም ተከተሉ

ማሽን ያላችሁና "ዘገየብኝ" የምትሉ፣ ሌላ ከመግዛታችሁ በፊት በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ።

መጀመሪያ አጽዱት። የአዲስ አበባ አቧራ ፋኑን ሲደፍነው ማሽኑ ይሞቃል፤ ሲሞቅ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ጌም ከጀመረ ከአሥር ደቂቃ በኋላ የሚንቀራፈፍ ማሽን ብዙ ጊዜ ችግሩ ይህ ነው። አቧራውን ማስወጣትና በፕሮሰሰሩ ላይ ያለውን የደረቀ ቅባት መቀየር ከሁሉም የረከሰው ማሻሻያ ነው።

ቀጥሎ ራም። የተለየ ግራፊክስ ካርድ የሌለው ማሽን ምስሉን የሚሠራው ከራሙ ተበድሮ ነው። አንድ 8 ጊጋ ራም ብቻ ካለው አንድ መንገድ ብቻ ነው ያለው፤ ሌላ 8 ጊጋ ሲጨመርበት ሁለት መንገድ ይከፈትለታል፣ ጌሙም በግልጽ ይፈጥናል። ከመግዛታችሁ በፊት ግን ሁለት ነገር እዩ፦ ባዶ መሰኪያ መኖሩንና የራሙን ዓይነት። ዲዲአር 3 እና ዲዲአር 4 አይቀያየሩም።

ሦስተኛ ኤስኤስዲ። እውነቱን እንናገር፤ ኤስኤስዲ የጌሙን ፍሬም አይጨምርም። ማሽኑ ቶሎ እንዲነሳ፣ ጌሙ ቶሎ እንዲከፈት፣ የምረቃ ፕሮጀክታችሁን ስትሠሩም እንዳትናደዱ ያደርጋል። አሁንም በሃርድ ዲስክ ለሚሠራ ሰው ለትምህርቱም ለጌሙም ትልቁ እፎይታ ይህ ነው።

ካርድ የሚመጣው አራተኛ ላይ ነው፤ እኛ ግን ብዙ ጊዜ ከእሱ እንጀምራለን። ካርድ ከመግዛታችሁ በፊትም አንድ ነፃ ነገር ሞክሩ፦ የጌሙን ሪዞሉሽን ከ1080 ወደ 720 አውርዱት። 1080 ከ720 ጋር ሲነጻጸር ማሽኑ በእያንዳንዱ ምስል ሁለት እጥፍ ከሩብ ፒክስል እንዲሥል ያስገድደዋል። ትንሽ መደብዘዝን የታገሠ ሰው አንዳንዴ አንድ ካርድ ያተርፋል።

ከዚህ ሁሉ ጎን ለጎን መብራት አለ። ሰፈራችን መብራት እንዴት እንደሚሄድና እንዴት እንደሚመለስ ለእናንተ አንነግርም። ቀለም የሚቀያይር ኪቦርድ ከመግዛታችን በፊት ስታቢላይዘር እንግዛ፤ የተሻለ አቅም ያለው ዩፒኤስ ይግዛ። ማሽኑን ከምጣድ ጋር በአንድ ዲቫይደር መሰካት ይቅርብን።

ሱቅ ውስጥ ሃያ ደቂቃ

ያገለገለ ዕቃ መግዛት ነውር የለውም፤ ሳያዩ መግዛት ነው ነውሩ። አንድ ፍላሽ ላይ ሦስት ነፃ ፕሮግራሞች ይዛችሁ ሂዱ፦ ሲፒዩ-ዚ፣ ጂፒዩ-ዚና ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ። የመጀመሪያው የፕሮሰሰሩንና የራሙን እውነት ይነግራችኋል፤ ሁለተኛው የካርዱን፤ ሦስተኛው ዲስኩ ስንት ሰዓት እንደሠራና ምን ያህል ጤና እንደቀረው። ላፕቶፕ ከሆነ ዊንዶውስ ራሱ የባትሪ ሪፖርት ያወጣል፤ ባትሪው ሲሠራ የነበረውን አቅምና ዛሬ የሚይዘውን ጎን ለጎን ታያላችሁ። ከዚያ አንድ ጌም ክፈቱና ለሃያ ደቂቃ ተዉት። የወንድማችን ማሽን እውነቱን ለመናገር ሦስት ደቂቃ ብቻ ነው የፈጀበት።

ሻጩ "ይህን ሁሉ ለምን?" ካለ ፈገግ በሉና ጠብቁ። "አይቻልም" ካለ አመስግናችሁ ውጡ። መርካቶ ሰፊ ነው። ብቻችሁንም አትሂዱ፤ ከጀመዓው የሚያውቅ ወንድም ወይም እህት ይዛችሁ ሂዱ። እህቶቻችንም ይህን የምንለው ለእናንተም ጭምር ነው። ከመካከላችሁ ከእኛ በላይ ማሽን ፈትተው የሚገጥሙ እንዳሉ እናውቃለን።

ገንዘቡ ካልሞላ ደግሞ በወለድ ተበድሮ ጌም መጫወት ለማናችንም እንደማይሆን ማስታወስ አያስፈልገንም። ዕቁብ አለን። አምስት ጓደኛሞች በየወሩ ትንሽ ትንሽ ቢጥሉ በየወሩ የአንዱ ማሽን ራም ያገኛል።

"ጊዜ ማባከን ነው" ለምትሉን

"የጀመዓ መጽሔት ስለ ጌም ይጽፋል እንዴ?" የሚሉ ወንድሞች እንዳሉ እናውቃለን፤ አክብረን እንሰማቸዋለን። ጌም ሶላትን ሲያሳልፍ፣ ለፈጅር ሳያስነሳ ሲያሳድር፣ ፈተና ሲያስወድቅ አይተናል። ከእኛ ውስጥም የደረሰበት አለ። ይህን የሚያደርግ ጌም ማሽኑ ርካሽ ቢሆንም ውድ ነው።

ግን ዝም በማለታችን የተጫዋቹ ቁጥር አልቀነሰም። በየሰፈሩ ያሉትን ፕሌይስቴሽን ቤቶች እዩ። ቤቱ የሚጫወት ልጅ ቢያንስ አዛን ይሰማል፤ እናቱ ትጠራዋለች። ደግሞም ለጌም በደንብ የተመረጠ ማሽን ለአውቶካድ፣ ለአንድሮይድ ስቱዲዮ፣ ለቪዲዮ ኤዲቲንግም የሚሆን ማሽን ነው። "ለትምህርት ነው" የምንለው ቃል ግማሹ እውነት ነው፤ ሌላውን ግማሽ ብንጨምርበት ምን እናጣለን? "ለትምህርት ነው፤ ትርፍ ሰዓቴን ደግሞ ጌም እጫወትበታለሁ" ማለት እንልመድ።

ጌሙንም በተመለከተ፦ በፍላሽ የሚዞረው የተሰበረ ጌም የሰው ልፋት ከመሆኑም በላይ ቫይረስ ይዞ ይመጣል። ኢፉትቦልም ሆነ ካውንተር ስትራይክ 2 ያለ ክፍያ በሕጋዊ መንገድ የሚወርዱ ናቸው። ከዚያ እንጀምር።

ለተመራቂዎቻችን አንድ ሐሳብ

እስካሁን ስለ ሻጮች ተናገርን። አሁን ስለ ራሳችን እንናገር። በየዓመቱ ተመራቂዎች ሲወጡ ላፕቶፖቻቸውን ለአዲስ ገቢዎች ይሸጣሉ። ባትሪው የሞተውን "ቻርጀር ላይ አድርገህ ተጠቀም" እያልን፣ የሚሞቀውን ጠዋት ጠዋት እያሳየን የሸጥን የለንም? የዕቃን ዐይብ ደብቆ መሸጥ ምን እንደሆነ በደርስ ተምረናል። ያ ትምህርት ለእህልና ለከብት ብቻ አልነበረም።

ስለዚህ እንዲህ እናድርግ እንላለን። ከዚህ ዓመት ጀምሮ በጀመዓችን ውስጥ የሚሸጥ ማንኛውም ኮምፒውተር አንድ ገጽ ወረቀት ይኑረው፦ የፕሮሰሰሩ ሙሉ ቁጥር፣ ራሙ፣ የዲስኩ ጤና፣ የባትሪው አቅም፣ ከታች ደግሞ "ያለበት ችግር" የሚል መስመር። ያ መስመር ባዶ እንዳይቀር፤ ያገለገለ ዕቃ ሆኖ እንከን የሌለው የለም። ሻጩ ይፈርም፤ ገዢው ሳምንት ሞክሮ ከተጻፈው ውጭ ችግር ካገኘ ይመልስ። "የተሸጠ ዕቃ አይመለስም" የሚለው ጽሑፍ ቢያንስ በእኛ መካከል አይለጠፍ።

የማይሸጠውንም አንጣል። የአንዱ የተሰበረ ላፕቶፕ ራም ለሌላው ማሽን ይሆናል። የማይሆነውን ቆራሌው ወስዶ ምናለሽ ተራ ያደርሰዋል፤ እዚያ ከማይጠቅም ነገር ጥቅም የሚያወጡ እጆች አሉ። እኛ ከቆሼ ጋር የምንጎራበት የኮልፌ ልጆች ነን። መጋቢት 2 ቀን 2009 የቆሻሻው ክምር ተደርምሶ ከመቶ በላይ ሰው ሲወስድ የከተማው ጥራጊ የት እንደሚያርፍና በማን ላይ እንደሚወድቅ አይተናል። አንድ ማሽን ሦስት ዓመት ተጨምሮለት ሲሠራ ወደዚያ የሚሄደው በዚያው ልክ ይቀንሳል።

በመጨረሻ፣ ወንድማችን ምን ሆነ? ከሁለት ሳምንት በኋላ ለእናቱ ሁሉንም ነገራቸው። ጌሙንም፣ ካርዱንም፣ ሱቁንም። የጠበቀው ቁጣ ስለ ጌሙ ነበር። እሳቸው ግን የተቆጡት በሌላ ነው፦ "የእኔ ልጅ ሆነህ ዕቃ ሳታይ ትከፍላለህ?"

ማሽኑ ራሱ መጥፎ አልነበረም፤ 8ኛ ጀነሬሽን ኮር አይ 5 የቢሮ ዴስክቶፕ ነው። የውሸት ካርዱን አወጣነው። ሁለተኛ ራም ጨመርንለት፤ ፋኑን አጸዳን። አሁን ፔስ 2017 ያለ ካርድ እየተጫወተበት ነው፤ ቀን ቀን ደግሞ የኮርስ ፕሮጀክቱን ይሠራበታል። እውነተኛውን ካርድ ዕቁቡ ሲደርሰው ይገዛል፤ ኢንሻአላህ። ሲገዛ እናቱም አብረው ይሄዳሉ። ሻጩን አላህ ይርዳው።